የማጨጃውን ጥርስ ልቆጥር ፋቨርሻም ድረስ

ሐሙስ ጠዋት ለንደን፣ ኬኒንግተን ካለው ቤቴ ስወጣ ቦርሳዬ ውስጥ የነበረው አንድ ሜትር፣ አንድ ጠመኔ፣ የእጅ ባትሪና በፌስታል የጠቀለልኩት ዳቦ በእንቁላል ነው። የምሄደው ኬንት ወደሚባለው ገጠር፣ ፋቨርሻም ከምትባለው ከተማ አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ እርሻ ነበር። ጉዳዬን ለሰው ብናገር ያስቃል። እዚያ እርሻ መጋዘን ውስጥ የተጣለ፣ በፈረስ የሚጎተት አሮጌ የሣር ማጨጃ አለ፤ ከወንበሩ ሥር ያለው ትልቁ መዘውር ስንት ጥርስ እንዳለው ቆጥሬ መመለስ ነው። ለዚሁ ጉዳይ በሚያዝያም ሄጄ ነበር። ያኔ ሳልቆጥር ተመለስኩ፤ ቆጥሬያለሁ ብዬም ዋሸሁ። ይህ የሁለተኛው ጉዞ ማስታወሻ ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ ዘመኑ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ። ሰዓቱን እንደለመድነው በሀገራችን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጋሽ ክፍሎም

ጋሽ ክፍሎምን ሳላስተዋውቅ ብቀጥል ነገሩ አይገባም። ኤርትራዊ ናቸው፤ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው የእኔን ያስንቃል። አገር ቤት በአንድ የእርሻ ትምህርት ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የወርክሾፕ ኃላፊ ነበሩ። ትራክተር መጣ ተብሎ በፈረስ የሚጎተቱት የውጭ መሣሪያዎች ከመጋዘን ጀርባ ሲጣሉ፣ ግራሶ እየቀቡ ዝናብ እንዳይበላቸው ሲሸፍኗቸው የኖሩት እሳቸው ብቻ ነበሩ። አሁን ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። እዚያው ለንደን፣ ብሪክስተን ሰፈር፣ ከካውንስሉ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ በተከራዩት ፍላት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ልጃቸው ሰናይት ያለችው ከከተማው ማዶ፣ ዋይት ሲቲ ነው። ከሁለቱ መኝታ ቤቶች አንዱን ወርክሾፕ አድርገውታል፤ ብረት ማሰሪያ ሞርሳ አለ፣ ትንሽ የብረት መቁረጫ ማሽን አለ፣ ሞረዱ ሁሉ በቁመት በቁመቱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እዚያ ተቀምጠው የእነዚያን የድሮ መሣሪያዎች ሞዴል ይሠራሉ፤ ከትክክለኛው ስምንት ጊዜ አሳንሰው፣ በእጃቸው።

እኔ ደረጀ እባላለሁ፤ የጉለሌ ልጅ ነኝ። ሞፈርና ቀንበርን የማውቀው ከመማሪያ መጽሐፍ ሥዕል ላይ ነው። ለንደን ውስጥ ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ በሽተኛ ከዋርድ ዋርድ የምገፋ ፖርተር። ከጋሽ ክፍሎም ጋር የተዋወቅነው ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ነው። ለአንድ ወዳጃቸው ሊያሳዩ የጫማ ካርቶን ከፍተው፣ ውስጡ ባለሁለት ጎማ የሣር መሰብሰቢያ ቁጭ ብሏል፤ ሃያ ምናምን ቀጫጭን ጥርሶች ጎንበስ ብለው የተደረደሩበት። ጠጋ ብዬ አየሁና፣

«ጋሼ፣ ይሄ የጃንጥላ ሽቦ አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ነበረ» አሉኝና ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው ሠራሁ። ማረሻውን፣ መከስከሻውን፣ የዘር መዝሪያውን፣ ጋሪውን ጨረስን። የእኔ ድርሻ መፈተግ፣ ማለስለስና ፈረንጅ ቤቱን ሲያድስ መንገድ ላይ ከሚጥለው የቆሻሻ ክምር ጥሩ የድሮ እንጨት መልቀም ነው። የአሮጌ ቁም ሳጥን መሳቢያ ካገኘሁ በብብቴ ሸጉጬ ብሪክስተን ድረስ እሮጣለሁ። ሰው ቢያየኝ ምን ይለኛል ያላልኩበት ሥራ ቢኖር እሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ሕይወቴ በሙሉ ሰው ምን ይለኛል ነው። ይህንን አንባቢ ይያዝልኝ፤ የጉዱ ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ጋሽ ክፍሎም አንድ ሕግ አላቸው። ትልቁ የሚሠራውን ትንሹም መሥራት አለበት። ማረሻው በሳህን ላይ አፈር ገልብጧል፤ መዝሪያው ጎመንዘር ዘርቷል። ማጨጃውም ማጨድ ነበረበት። ለዚህ ብለው ፌጦ በእርጥብ ጥጥ ላይ ዘርተው ወጥ ቤት መስኮት ላይ አብቅለው ነበር፤ ትሪ የምታህል አረንጓዴ መስክ ሆነችላቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ኦቫል

ከቤቴ ወደ ኦቫል በእግሬ ሄጄ በሠላሳ ስድስት ቁጥር አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ቮክስሆል ላይ መኪናው ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ። ከጎኔ የተቀመጠች ሴትዮ ሰዓቷን እያየች በየደቂቃው «ኡፍ» ትላለች፤ እኔም በልቤ አብሬያት ኡፍ እላለሁ። ቀኑ ለእኔ ቀልድ አልነበረም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ክፍሎም እንዲህ ብለውኝ ነበር፦

«ደረጀ፣ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ካውንስል ቢሮ ቀጠሮ አለኝ። ፍላቱን ላስረክብ ነው። ዋይት ሲቲ ሰናይት አጠገብ የአረጋውያን መኖሪያ አፕላይ አድርጌ ነበር፣ ተፈቀደልኝ። አንድ ክፍል ናት፣ ጠባቂ አለበት፣ ሲደወል ይመጣል።»

«ወርክሾፑስ ጋሼ?»

«ማሽን ማስገባት ክልክል ነው። ይብቃኝ እንግዲህ፤ ጭንቅላቴ አላስተማመነኝም።»

ጭንቅላታቸው ምንም አልሆነም። የማውቀው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ደግሞ የሚያውቅ ሰው የለም። ግን እዚያው፣ ያቺኑ ደቂቃ አልተናገርኩም። «አይ ጋሼ» ብቻ አልኩ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው አንድ መላ የመጣልኝ መሰለኝ፤ እርሻው ድረስ ሄጄ ትክክለኛውን ቁጥር ይዤ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ብመለስስ? ባዶ እጄን ሄጄ «ዋሽቼ ነበር» ከምል ቁጥሩን ይዤ ብናዘዝ ይሻላል አልኩ። ከኬኒንግተን ብሪክስተን በመቶ ሃምሳ ዘጠኝ ቁጥር አውቶቡስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። እኔ ግን እውነት ለመናገር ኬንት ድረስ ትኬት ቆረጥኩ። አይ የእኔ ነገር!

ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከቪክቶሪያ ጣቢያ

የደርሶ መልስ ትኬቱ አሥራ አንድ ፓውንድ ከምናምን ነው፤ ሻይ በወረቀት ኩባያ ሰባ ሳንቲም። ባቡሩ ያ አሮጌው ዓይነት ነው፣ በየወንበሩ ረድፍ በር ያለው፤ ለመውረድ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ እጅን ወደ ውጭ ሰዶ እጀታውን መጠምዘዝ ይጠይቃል። መጀመሪያ ጊዜ በሚያዝያ የገባሁ ቀን ይህንን ሳላውቅ በሩ ላይ ቆሜ ስጠባበቅ ከጣቢያዬ አልፌ ሄጄ ነበር። አሁን ተምሬያለሁ።

ከቪክቶሪያ ተነስቶ ብዙም ሳይቆይ ባቡሩ በብሪክስተን ላይ ያልፋል። ሐዲዱ ከገበያው በላይ ነው፤ የድንኳኖቹን ጣሪያ፣ የዓሣ ሻጮቹን ሰማያዊ ሸራ፣ የተደረደረ ሙዝና ካሳቫ ቁልቁል አየሁ። የጋሽ ክፍሎም ሕንፃ ከዚያ ሁለት መንገድ ነው የሚርቀው። በዚያ ሰዓት ሻይ እየጠጡ ራዲዮ እንደሚሰሙ አውቃለሁ። ባቡሩ እዚያ አይቆምም፤ ቢቆምም ኖሮ እወርድ ነበር ብዬ አልዋሽም። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እስከ ኸርን ሂል ድረስ ሻይዬን በእጄ ይዤ ቀረሁ።

በሚያዝያ የሆነው እንዲህ ነው። የእርሻው ባለቤት ሚስስ ፔጅ የምትባል በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ጋሽ ክፍሎም በአንድ የእርሻ ጋዜጣ ላይ የዚያን ማጨጃ ፎቶ አይተው፣ ትምህርት ቤታቸው ከነበረው ጋር አንድ ዓይነት መሆኑን ለይተው፣ ደብዳቤ ጽፈውላት «ኑና እዩት» ብላ መለሰች። እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋልና እኔ ሄድኩ። የጎማውን ስፋት፣ የመጎተቻውን ርዝመት፣ የቢላውን ጣቶች ሁሉ ለካሁ። ዋናው ግን የወንበሩ ሥር መዘውር ነው። ጎማው ሲዞር እሱ ይዞራል፣ እሱ ደግሞ ቢላውን ያመላልሰዋል፤ የጥርሱ ቁጥር ከተሳሳተ ቢላው ይዘገያል። መዘውሩ በብረት ክዳን ተሸፍኗል። ሚስስ ፔጅ፣

«ክዳኑን ልፍታልህ?» አለችኝ።

«ኧረ አትቸገሪ» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ? መፍቻ አመጣለሁ።»

«አይ፣ አይ፣ ይበቃል።»

እንግዲህ በእኛ ወግ እንዲህ የሚል ሰው አልፈልግም ማለቱ አይደለም። ብላ ሲሉት አንዴ ጠገብኩ ይላል፣ ሁለቴ በቃኝ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ «በሞቴ» ተብሎ ይበላል። እኔም ሦስተኛውን እየጠበቅኩ ቆምኩ። ሴትዮዋ «እሺ እንግዲህ» ብላ ወደ ዶሮዎቿ ሄደች። ተከትዬ «እንደ እውነቱ ከሆነ ክፈቺልኝ» ማለት አቃተኝ። እግሬን ጎትቼ ለንደን ተመለስኩ። ጋሽ ክፍሎም ገና በሩን ሲከፍቱ፣

«ቆጠርከው?» አሉኝ።

«ቆጠርኩት።»

«ስንት?»

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አርባ ስምንት» አልኳቸው። ከየት እንዳመጣሁት እግዜር ይወቀው፤ ከክዳኑ ስፋት ገምቼ መሆን አለበት።

«እኔ ስልሳ ነበር የመሰለኝ» አሉ፤ ግንባራቸውን አሹት፣ ደግመው አሹት። «ሃያ ሁለት ዓመት በእጄ እያጠብኩት... እርጅና ነው እንግዲህ።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሦስት ሳምንት በሞረድ አርባ ስምንት ጥርስ አወጡ። ማጨጃው ተገጠመ፣ ፌጦው ላይ ተነዳ፤ ነቅሎ ጎተተው እንጂ አላጨደውም። ሁለተኛ ሞከሩ፤ ያው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ክፍሎም ተለወጡ። ይሄን ረሳሁ፣ ያንንም ረስቼ ይሆናል ማለት አመጡ። በየቁም ሳጥኑ ላይ ውስጡ ያለውን በወረቀት ጽፈው ለጠፉ። የትምህርት ቤቱን ጨዋታ ሲያመጡ «እንዲህ ነበር... ወይስ አልነበረም?» ብለው ያቋርጡታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጬ እንጨት እፈትጋለሁ።

አራት ሰዓት፣ ፋቨርሻም

ከሮቸስተር ወዲህ አገሩ ይከፈታል። ወንዙ ሰፊ ነው፤ ጭቃው ላይ ጀልባዎች በጎናቸው ተኝተዋል። ቀጥሎ የፖም ማሳ ነው፣ ተለቅሞ ያለቀ፤ የቀረው ከዛፉ ሥር ወድቆ ቀላ ብሎ ይበሰብሳል። ሾጣጣ ጣሪያ ያላቸው፣ የቢራ ጌሾ የሚያደርቁባቸው ቤቶች አልፎ አልፎ ይታያሉ። የእኛን ጌሾ የሚመስል ነገር ካለ ብዬ በመስኮቱ አየሁ፤ ረጃጅም ባዶ እንጨት ብቻ ነው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት የገጠሩን አውቶቡስ ያዝኩ፤ በሰዓት አንዴ ነው የሚመጣው። ሾፌሩ ጨዋታ ወዳድ ነው።

«ወዴት ነህ? ፖም ልትገዛ?»

«ጥርስ ልቆጥር» አልኩት።

«የፈረስ? እኔ እዚህ አገር ለሥራ የሚውል ፈረስ ያየሁት ልጅ ሆኜ ነው!»

የማጨጃ መሆኑን ስነግረው ጮክ ብሎ ሳቀ። አያቱ እንዲህ ባለ ማጨጃ ላይ ተቀምጠው ሲያጭዱ ወንበሩ ብረት ስለነበር ሣር የሞላበት ጆንያ ያነጥፉ እንደነበር አጫወተኝ። ይህንን ለጋሽ ክፍሎም እነግራለሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዚያ ደግሞ ዛሬ ምን ምን እንደምነግራቸው ትዝ አለኝና ደብተሩን ዘጋሁት።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ እርሻው

ሚስስ ፔጅ ከሩቅ አይታ አወቀችኝ።

«ክዳኑ ይቅር ያልከው ሰውዬ!» አለች።

«እኔው ነኝ። ዛሬ ይከፈትልኝ» አልኩ፤ ገና እጇን ሳልጨብጥ።

መጋዘኑ ውስጥ ማጨጃው እንደነበረ ነው፤ ጭድ ተቆልሎበት፣ ዶሮ ኩሷን ጥላበት፣ አንዱ ጎማ ወደ መሬቱ ሰመጥ ብሎ። አራት ብሎኖች ክዳኑን ይዘውታል። ሁለቱ እሺ አሉ። ሁለቱ ዝገው አንድ ሆነዋል። ዘይት አፈሰስን፣ ጠበቅን፣ በመዶሻ ነካ ነካ አደረግን፣ እንደገና ጠበቅን። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ሚስስ ፔጅ ጠንካራ ናት፤ በመጨረሻ መፍቻው ላይ ቆማ በሰውነቷ ክብደት ፈታችው። ክዳኑ ሲነሳ ውስጡ የደረቀ ግራሶ እንደ አስፋልት ተጋግሮ፣ በላዩ ላይ አይጥ ከጭድ ጎጆ ሠርታበት ነበር። በላምባ አጠብነው። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ቀባሁና እየነካሁ መቁጠር ጀመርኩ።

ስልሳ።

ደግሜ ቆጠርኩ። ስልሳ። ሚስስ ፔጅም «ቆይ እኔ ልየው» ብላ ቆጠረች፤ ስልሳ አለች። ተንበርክኬ እዚያው ቀረሁ። እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው። እንደ ሃያ ዓመት ወጣት የሚያስታውሱ ሰው፣ በእኔ አንዲት ቃል ምክንያት ቁም ሳጥናቸው ላይ «ስኳር» ብለው ወረቀት ለጥፈው ነው የሚኖሩት።

«ጥሩ ነው መጥፎ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት አላውቅም፤ ባዳ ስለሆነች ሳይቀለኝ አልቀረም። ስጨርስ፣

«ግን እኮ ሁለት ጊዜ ጠይቄሃለሁ» አለች።

«በእኛ ሦስት ነው።»

ልትስቅ ጀመረችና ፊቴን አይታ ተወችው። «ቀጠሮው በስንት ሰዓት ነው ያልከው?» ብላ ጠየቀች፤ ነገርኳት። ያኔ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። «በል ግባና ደውልለት፤ ስልኩ ወጥ ቤት ነው ያለው።»

ጫማዬን አየሁ፤ ጭቃ። እጄን አየሁ፤ ግራሶ። ከበሩ ማዶ የወጥ ቤቷ ወለል ይንጸባረቃል። አንባቢ ሆይ፣ ምን ብል ጥሩ ነው?

«ኧረ አትቸገሪ፣ ከጣቢያ እደውላለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«አዎ፣ አዎ።»

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ሰማሁት፤ ግን አልመለስኩትም። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በጭቃው መንገድ ስሄድ ራሴን ስሰድብ ነበር። ስድቡ ሲያልቅብኝ ደግሞ እውነቱ ፊቴ ቆመ። ጭቃውም ግራሶውም አልነበረም። በሚያዝያም ይሉኝታ ብቻ አልነበረም። ፈርቼ ነው። «ሄሎ ደረጀ» ሲሉኝ የምመልሰው ጠፍቶኝ ነው። ፍርሃቴን ጨዋነት ብዬ ስም ሰጥቼው አብሬው ስኖር አርባ ሦስት ዓመት ሆነኝ።

አውቶቡሱ ከአምስት ደቂቃ በፊት አልፏል። ቀጣዩን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ዳቦ በእንቁላሉን ከቦርሳዬ አውጥቼ መልሼ ጠቀለልኩት።

ስምንት ሰዓት ከአሥር፣ ጣቢያው

ከጣቢያው በር ላይ ካለው የመንገድ ስልክ ደወልኩ። ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ዘጋሁና ደግሜ ደወልኩ። ሃያ ሳንቲሟን ስልኩ መልሶ ተፋት። ሰናይት በመኪና ልትወስዳቸው በስምንት ሰዓት እንደምትመጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ከእርሻው ደውዬ ቢሆን ኖሮ ቤታቸው ነበሩ፤ ምሳቸውን እየበሉ።

ስለ መልሱ ባቡር መንገድ ምንም ልጽፍ አልችልም። ያየሁት ነገር የለም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሲቲንግበርን የሚባል ቦታ ላይ ነበርን፤ እሱን ብቻ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ሰዓቴን እያየሁ ነበር። ብሪክስተን ላይ ያው ሳይቆም አለፈ። ቪክቶሪያ ወርጄ በምድር ውስጥ ባቡር ተመልሼ ወደዚያው መጣሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ብሪክስተን

ጋሽ ክፍሎም በሩን የከፈቱት ኮታቸውን ሳያወልቁ ነው።

«ደረጀ! ዛሬ ሐሙስ አይደለም እንዴ? ወይስ ቅዳሜ ነው?»

ውሃ ሆንኩ። «ሐሙስ ነው ጋሼ። ልክ ነዎት።»

ሳልቀመጥ ተናገርኩ፤ ብቀመጥ እንደማልናገር አውቃለሁ። «ስልሳ ነው ጋሼ።»

«ምኑ?»

«የማጨጃው መዘውር። ዛሬ ሄጄ ቆጠርኩት። በሚያዝያ አልቆጠርኩም ነበር፤ ክዳኑን አላስከፈትኩም። አርባ ስምንት ያልኩዎት ከአፌ አውጥቼ ነው። ዋሽቼዎታለሁ።»

መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ሁለቴ ቆጠርክ?»

«ሁለቴ። ሴትየዋም ቆጠረች።»

«እኔ እኮ ስልሳ ብዬህ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር።»

ቢጮሁብኝ እንዴት ደስ ባለኝ። ከዚያ ቀስ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ጠዋት ስነሳ የወንድሞቼን፣ የጎረቤቶቼን፣ የድሮ ተማሪዎቼን ስም በወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ማታ ሳላይ ደግሜ እጽፍና ሁለቱን ቼክ አደርጋለሁ። አንድ ቀን የአንድ ተማሪ ስም ጎደለብኝ፤ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ስድስት ወር እንዲህ ነው የኖርኩት፣ ደረጀ። ለሰናይትም አልነገርኳት።»

«ፈረሙ?» ብቻ አልኩ።

«ፈረምኩ።»

«ነገ አብረን እንሂድ። ሐሳቤን ቀየርኩ ይበሉ፤ ይቻላል አይደል?»

«ይቻላል። ሰባት ቀን ሰጥተውኛል።»

«ታዲያ!» አልኩ፤ እንደ ሕፃን ደስ ብሎኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ። ማስታወሴን ዛሬ አወቅሁ፤ ደግ ነው። ግን እዚህ ቤት ብቻዬን ሆኜ ፈርቻለሁ። ጋዙን ፈርቻለሁ፣ ደረጃውን ፈርቻለሁ፣ ራሴን ፈርቻለሁ። ቁጥሩ ተገኘ ተብሎ ያ አይወጣልኝም። ወደ ልጄ ልሂድ።»

ተነስተው ወደ ወርክሾፑ ገቡ፤ ተከተልኳቸው። የታችኛውን መሳቢያ ከፍተው በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ መዘውር አወጡ። ጥርሱ ያልተነካ፣ የሚያብረቀርቅ። መቁጠር አላስፈለገኝም።

«አንተን ከመላኬ በፊት ነው የሠራሁት፤ አርባ ስምንት ካልከኝ በኋላ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ ሳልሞክረው ጠቀለልኩት» አሉ።

«ታዲያ ለምን ላኩኝ ጋሼ?»

«እርግጠኛ ልሁን ብዬ ነዋ። አንተ ዓይንህ ያያል፣ እኔ ደግሞ አርጅቻለሁ ብዬ።»

አርባ ስምንቱን ፈተው ስልሳውን ገጠሙት። ከዚያ ወዲህም ሳያቋርጡ እንደገና የሚዘሩትን ፌጦ ከመስኮቱ ላይ አመጣሁ። ማጨጃውን በሁለት ጣታቸው ይዘው ቀስ ብለው ገፉት፤ ቢላዋ ጭር ጭር አለች፣ ፌጦው በአንድ አቅጣጫ ተኛ። እውነተኛ መስክ ነው የሚመስለው። «አጨደ» አሉ። እኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም። የተቆረጠውን ፌጦ በመዳፋቸው ሰብስበው ወደ ቅርጫቱ ጣሉት።

የመልስ መንገድ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ

ልሄድ ስነሳ እንደ ወትሮው ልሸኝህ አሉ። አይቸገሩ ልል ነበር፤ ያቺን ቃል ዋጥኳት። ጉልበታቸውን እያሻሹ ሁለቱን ፎቅ አብረን ወረድን። የምናወራው ስለ አየሩ ነው። ከታች ከሕንፃው መውጫ ላይ ስንደርስ ቆሙ።

«በሩን ቆልፌዋለሁ?»

«ቆልፈዋል ጋሼ። ቁልፉን ሁለቴ ሲያዞሩ አጠገብዎ ቆሜ አይቻለሁ።»

ዓይን ዓይኔን አዩኝ። ክፉ አስተያየት አልነበረም። ከዚያ የደረጃውን መደገፊያ ይዘው፣ አንድ ደረጃ እየወጡ፣ በየመሐሉ ትንሽ እያረፉ፣ ተመልሰው ሄዱ። ከላይ እጀታውን ሲነቀንቁት ተሰማኝ። ሲመለሱ «ተቆልፏል» አሉ፤ እኔም «እሺ» አልኩ፤ አውቶቡሱ እስኪመጣ ድረስ አብረውኝ ቆመው ሸኙኝ።

ኬኒንግተን ቤቴ ገብቼ እጄን ታጠብኩ፤ ግራሶው ከጥፍሬ ሥር አልወጣ አለኝ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አንድ ነገር ነው። ትክክለኛው ቁጥር ከተገኘ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መስሎኝ ነበር የሄድኩት። ቁጥሩ ከመጀመሪያም መሳቢያቸው ውስጥ ነበር፤ የጠፋው የእኔ ቃል ነው፣ እሱን ደግሞ ፋቨርሻም ሄዶ የሚያመጣው የለም። ጋሽ ክፍሎም ዋይት ሲቲ ከገቡ ወዲህም እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ በደንብ ይቀበሉኛል፣ እንጫወታለን። ውጭው ቀዝቅዟል ስላቸው ግን ተነስተው መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን ያወጣሉ። አልተቀየምኳቸውም። እኔም ብሆን ተነስቼ አረጋግጥ ነበር።